በርበሬ ልብስ ያስወለቀን ዓርብ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጸጉር ቤት ገብታችሁ ተራ ስትጠብቁ ይህ ወሬ መነሳቱ አይቀርም። በርበሬ ተለቅሞ፣ ተጭኖ ባለቀ ሰሞን፣ ከቡሬ ወዲያ ባለች አንዲት ወንዝ ዳር ወንዶች ብቻ ይሰበሰቡና እንደተወለዱ ሆነው እስክስታ ይወርዳሉ ይባላል። ይህ እውነት ነው። ውሸቱ የሚጀምረው እንዴት ተጀመረ ሲባል ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው ይላል። ሌላው ጢስ ዓባይን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ መንገድ ስቶ ያስተማራቸው ነው ብሎ ይምላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጢሜን የሚላጨኝ ሰው ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳሳረፈ፣ ነገሩን የጀመረው አንድ ያበደ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነው አለኝ። ምላጩ ባይኖር መልስ ነበረኝ።

አስተማሪው እኔ ነኝ። አላበድኩም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱም አብዷል ካላችሁ ሄዳችሁ ከዚያ ጸጉር ቤት ተቀመጡ።

የወንዟን ስም አልነግራችሁም። ስሟን የሰማ ሁሉ እየመጣ አሁንስ መቆሚያ ጠፍቷል። ዘንድሮ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊና ሾፌሩ ጎን ለጎን ሆነው ሲወርዱ፣ ማን ማንን እንደሚነዳ መለየት አቅቶኝ ነበር። ሕጋችን አጭር ነው። ልብስ የለም፣ ስልክ የለም፣ ስለ ሰው ገላ ወሬ የለም። ሦስተኛውን ሕግ ያወጡት በሆዳቸው የተነሳ አጎቴ ናቸው፤ እሳቸው ጋ እንደርሳለን።

ሥራዬ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች የመንገድ ምልክትና ደንብ ማስተማር ነው። መኪና የለኝም። መንዳቱንም... እሱን እንለፈው። እናናን ያገኘኋት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ቡሬ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር መሄድ ስላለባት መንጃ ፈቃድ ልታወጣ መጥታ ነበር። ቅድሚያ ስለ መስጠት ሳስተምር እጇን አውጥታ፣ ሁለቱም ቅድሚያ ልስጥ ካሉ ማን ይሄዳል ብላ ጠየቀችኝ። ያን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም፤ እሷን ግን እዚያው ወደድኳት።

ችግሩ አባቷ ናቸው። አያ ዋሴ ይባላሉ። ከቡሬ ወዲያ ገጠር የሚኖሩ፣ በበርበሬያቸውና በእምቢታቸው የታወቁ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ወንዶች ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል። በየሳምንቱ ከቡሬ እየተመላለሰች ቤታቸውን ቤት የምታደርግላቸው እናና ብቻ ናት። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ስልክ ልጄ ገና ናት ብለው መለሷቸው። ገና የተባለችው እናና ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሁለተኛውን ስልክ በርበሬዬ ይለቀም አሉ። በርበሬና ትዳር ምን እንደሚያገናኛቸው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ከሚገባኝ በላይ ገባኝ።

ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እምቢ ከተባለ፣ ለአራተኛ ጊዜ የሚሄድ እግርም ፊትም የለውም። እናናም ቁርጡን ነገረችኝ። አባቷን አስቀይማ አትኮበልልም፤ እኔንም አጉል ተስፋ አንጠልጥላ አታቆየኝም። "ዓርብ እምቢ ካሉ በቃ፤ አንተም እኔም እንረፍ" አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም ቤቴ ገብቼ፣ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ዓርብን የመረጡት አያ ዋሴ ናቸው። በጾም ቀን የመጣ ሽማግሌ ቅቤ የገባበት ወጥ አይጠብቅማ! ከቀትር በፊት ድረሱ፣ ከቀትር በኋላ የመጣን ሽማግሌ አላነጋግርም ብለውም ልከውብናል። በደንባችን አግቢው ሽማግሌ ልኮ እቤቱ ይቀመጣል እንጂ አብሮ አይሄድም። አያ ዋሴም መልኬን አይተው አያውቁም ነበር፤ እኔም የሳቸውን አላውቅም። ነገር ግን ያን ቀን ጥፍሬን ስበላ መዋል አልሆንልህ አለኝ። ሽማግሌዎቹን ሸኝቼ፣ ከቤታቸው በታች ካለው ወንዝ ዳር ተደብቄ መልሱን ልጠብቅ ወሰንኩ። ሙሉ ልብስም ለበስኩ፤ ለማን ብለህ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። ዋናው፣ ያለፉትንም ሁለት ጊዜ የሄዱልኝ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ጫማውን እንኳ ሊያወልቅ ይዳዳዋል። ሁለተኛው አጎቴ ጋሽ አለኸኝ ናቸው፤ ከሳቸው ሆዳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ ዘፈን የሚወዱ፣ የተረጋጉ ሰው። ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ደምስ ነው፤ ለሽማግሌነት ዕድሜው አይደርስም፣ ግን ጢም አለው። ለሦስቱም አዲስ ነጭ ጋቢ ገዛሁላቸው። ሲሰለፉ ቤተ መንግሥት የሚገቡ ይመስሉ ነበር።

ዓርብ ጧት መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባስ የለም። ነዳጅ ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ማደያ በር ላይ ተሰልፏል። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ከቡሬ ወዲያ በርበሬ ሊጭን የሚሄድ ባዶ አይሱዙ አገኘሁ። ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ሞልቷል፤ የቀረው ከኋላ ነው። በጭነት መኪና ላይ ሰው ማሳፈር ክልክል ነው እያልኩ ስንቱን በፈተና የጣልኩ ሰው፣ ሽማግሌዎቼን ከታች እየገፋሁ አሳፈርኳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው መከራ ሁሉ የእጄ ሥራ ነው። ሾፌሩ ቆማችሁ ሂዱ ብሎን ነበር። እኔ ግን ቆመው ሲወዛወዙ ጋቢው ብረቱን እየነካ ይቆሽሻል ብዬ ሰጋሁ። ጥጉ ላይ የተከመረ ባዶ ጆንያ ነበር። አንድ በአንድ አነሳሁና፣ እዚያው እላያቸው ላይ አራግፌ፣ እንደ ፍራሽ አነጠፍኩላቸው። የጥር ብርድ ስለነበር ሌላ ጆንያ አምጥቼ ጉልበታቸውን አለበስኳቸው። እኔም አንዱን ተከናነብኩ። ጆንያው ቀላ ያለ ብናኝ ነበረው፤ እኛ አገር ግን አፈሩም ቀይ ነው። መሪጌታ እጃቸውን አንስተው፣ አንተ ሰው አክባሪ፣ እግዜር ያሰብከውን ይሙላልህ ብለው መረቁኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መጀመሪያ ያስነጠሱት መሪጌታ ናቸው። ይማርዎ አልናቸው። ቀጥለው ጋሽ አለኸኝ አስነጠሱ። ይማርዎ። ደምስ፣ ይማርህ። እኔ፣ ይማርህ። ማንኩሳ ስንደርስ ይማርህ የሚልም የሚባልም ትንፋሽ አልቀረንም። ከዚያ ሙቀት መጣ። ጋሽ አለኸኝ የተቀመጡበትን ቦታ ቀየሩ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ቀየሩ። እርጅና ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ወዲያው እኔንም እርጅናው ያዘኝ።

ማንም ምንም አልተናገረም። የሚያቃጥለን ቦታ በሽማግሌ አፍ የሚጠራ ቦታ አይደለም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት መድገም ያዙ፤ ፊታቸው ግን የንስሐ ፊት አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ቡሬን አልፈን ጠጠሩ መንገድ ላይ እስክንወጣ ድረስ ተደባበቅን። እዚያ መኪናው ሲያነጥረን ብናኙ ያልገባበት ገባ። በመጨረሻ ደምስ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ነድጃለሁ" አለ። ጋሽ አለኸኝም እንባ እየወረዳቸው፣ "ቀድመህ ብትናገር ምን አለበት ልጄ" አሉት። ያን ጊዜ ጆንያዬን አፍንጫዬ ድረስ አንስቼ አሸተትኩት። በርበሬ ነው!

የመኪናውን ብረት ደበደብን። ሾፌሩ ከዚያችው ወንዝ ድልድይ አጠገብ አውርዶን ሳቁን ይዞ ሄደ። ከድልድዩ ወደ አያ ዋሴ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለቀትር ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶን ነበር። በዚያ ሁኔታ ግን ሰው ደጅ መቆም አይቻልም። ወንዙን ይዘን ወረድንና ቁጥቋጦ የሸፈነው ኩርባ አገኘን። መሪጌታ እንኳ ዙሩ ለማለት ጊዜ አላገኙም። ጋቢ፣ ኮት፣ ቁምጣ፣ የእኔ ከረባት ሳይቀር በአንድ ትንፋሽ ወለቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለኛ ነው።

የጥር ወንዝ ጉልበት አይደርስም። ሆኖም ተጋድመን ገባን፣ ገላችንንም አሸነው። ቤታችሁ በርበሬ የሚቀነጠስ ከሆነ ምን እንደተከተለ መናገር አያስፈልገኝም። በርበሬ ውሃ ሲያገኝ ይሠራጫል እንጂ አይሞትም። እስካሁን ደህና የነበረው ቦታ ሁሉ ተቀጣጠለ። አራት ሰዎች ከውሃው ወጥተን በአንድ እግር እየዘለልን፣ ክንዳችንን እያርገፈገፍን፣ ለገላችን ንፋስ ፍለጋ ዞርን። ከሩቅ ላየን ያን ጊዜም ጭፈራ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ እኛን ግን የደቆሰን በርበሬው ነው።

ጋሽ አለኸኝ፣ እናታቸው በርበሬ ሲያቃጥላቸው እጃቸውን እርጎ ውስጥ ይነክሩ እንደነበር ትዝ አላቸው። እርጎ ከየት ይመጣል ስንል፣ እግዜር የመሪጌታን ዳዊት ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ከላይ ባለው መንገድ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን አዝላ ስትመጣ አየን። ከጀሪካኑ አፍ ነጭ ነገር ፈሶ ደርቋል። ማን ሄዶ ይለምን? መሪጌታን ቁጥቋጦ ውስጥ አስገብተን እንዲናገሩ አደረግን፤ ድምፃቸው የቤተ መቅደስ ድምፅ ነውና።

"ልጄ ሆይ፣ ከእርጎሽ ለተቸገሩ ስጪ" አሉ ከቁጥቋጦው።

ሴትየዋ ቆመች። ባሕታዊ ነው ብላ አፈሩን ልትስም ጎንበስ አለች። ከዚያ ግን ቀና ብላ አሰበችና፣ "አባቴ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ቀን እርጎ የሚለምን ባሕታዊ ምን ዓይነት ባሕታዊ ነው?" አለች። እርጎው ነገ ላለው የእህቷ ልጅ ክርስትና እንደሆነም ጨምራ ነገረችን። መሪጌታ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከደቀ መዝሙሮቻቸው እንኳ ገጥሟቸው አያውቅም። እውነቱን ተናገሩ።

"ለመጠጣት አይደለም ልጄ፤ ለመቀባት ነው።"

ጀሪካኑን እዚያው አስቀምጣ በመጣችበት መንገድ ሮጠች። የእህቷ ልጅ ክርስትና እንዳይጎድል ኋላ በሁለት ጀሪካን አድርገን መልሰናል፤ እስካሁን ግን ስታየኝ ታማትባለች።

ጀሪካኑን ከፍተን ልንገለብጠው ስንል ጋሽ አለኸኝ ጾም መግደፍ አይሆንብንም ወይ ብለው ጠየቁ። መሪጌታ እየዘለሉ አሰቡበት። አፍ እንጂ ቆዳ አይጾምም፣ አፋችሁን ግጠሙ፣ ሲሉ ፈረዱ። በየተራ ከራሳችን ላይ አፈሰስነው። ጋሽ አለኸኝ የምላሳቸውን ጫፍ ብቅ ሲያደርጉ፣ መሪጌታ በስማቸው አንድ ጊዜ ጠሯቸውና ምላሳቸው ተመለሰ። እሳቱም በረደ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም፤ ሳልቀምሰው ማለቴ ነው።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ልብሳችንን ሦስት ጊዜ አጥበን ቁጥቋጦው ላይ አሰጥተነዋል። አዲስ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ የበሬ ያህል ይከብዳል፤ ቶሎም አይደርቅም። ንፋሱ ደግሞ ተነሳ። እርጎ የተቀባ ሰው በጥር ንፋስ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ጥቂት ትሆናላችሁ። ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ጀመር። ጋሽ አለኸኝ፣ ቆመን ከምንሞት እንሙቅ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ዘፈኑንም እዚያው አወጡት፦

ልጅ ልጠይቅ ብዬ ብነሳ ማልጄ፣
በርበሬ አቀፈኝ እንደ ሩቅ ወዳጄ።

ደምስ ተቀበለ። እኔ ትከሻዬን ሞከርኩት። መሪጌታ፣ እኔ አጨበጭባለሁ እንጂ አልወርድም፣ የኔ ሽብሸባ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚህ አይገባም አሉ። ሲበርዳቸው ግን ጭብጨባው ከመዳፍ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ ወጣባቸው። ያ ሁሉ ሰው የሚንቀጠቀጥላቸው ሊቅ አንገታቸውን ሰበቅ አድርገው ሲወርዱ ሳይ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሳሁት። ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው ይላሉ። እውነት ነው፤ እዚያች ኩርባ ውስጥ ሊቅ የለም፣ አስተማሪ የለም፣ ሽማግሌም የለም። አራት የሚስቁ ወንዶች ብቻ ነበርን።

ትንሽ ቆይተው መሪጌታና ጋሽ አለኸኝ ልብሱን ሊያገላብጡ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሄዱ። ደምስ ጆሮው ውስጥ የገባውን እርጎ ሊያጥብ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብቻዬን፣ ለእናና ሠርግ ቢሆን እንዲህ አደርግ ነበር እያልኩ እወርዳለሁ።

"ጎበዝ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ በቅሏቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወርደው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ባዶውን ጀሪካን አንስቼ ከፊቴ ያዝኩ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ዓይናቸውን ወደ በቅሎዋ መለሱና ምን እንዳገኘኝ ጠየቁኝ። ራቁቱን የቆመ ሰው ሚስጥር የሚይዝበት ኪስ የለውም። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሽማግሌዎቹን፣ ጆንያውን፣ እርጎውን፣ ሦስተኛና የመጨረሻ መሆኑን ነገርኳቸው። አያ ዋሴ ስለሚባሉ ድርቅ ያሉ ሰውዬም ነገርኳቸው፤ ልባቸው በበርበሬ የታሸ ነው አልኳቸው። በርበሬ ነው ስል ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው። ዋሴ ክፉ ነው ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ አሉኝ። አበረታቱኝ መሰለኝና ቀጠልኩ፤ የቀጠልኩትን አልደግምላችሁም።

"ልጅቱን ትወዳታለህ?" አሉኝ ስጨርስ።

"እሷን ካላገኘሁ ከዚህ ወንዝ ባልወጣ ይሻለኛል።"

የበቅሎዋን ልጓም ሲያሻሹ እጃቸውን አየሁት፤ ጣታቸው በበርበሬ ለቀማ ቀልቶ ቆዳው ተልጧል። "ጥሩ ነው" አሉ። "ልጅቱ ስትሄድስ፣ ሰውዬውን ማን እንዴት ዋሉ ይላቸዋል?"

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ስልክ፣ ሦስተኛውን ጋቢ ሳለብስ፣ ይህ አንድም ቀን በሐሳቤ አልፎ አያውቅም። እኔ ያየሁት በር የሚዘጋብኝ ሽማግሌ ነው እንጂ፣ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ ብቻውን የሚቀር ሰው አይደለም። እውነቱን ነገርኳቸው።

"አስቤው አላውቅም። አሁን ሲጠይቁኝ ግን አፈርኩ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አሁን ገና?" አሉ።

ከዚያ ያደረጉትን እስካሁን አስበዋለሁ። ጋቢያቸውን አውልቀው በቅሎዋ ላይ ጣሉት። እጀ ጠባባቸውን፣ ቁምጣቸውንም አስከተሉ። ጀሪካኑን ከእጄ ወስደው ጠርዙ ላይ የቀረውን እርጎ በጣታቸው ጠርገው የተላጠ እጃቸውን ቀቡት። ዕድሜዬን ሙሉ እወርድ ነበር አሉኝ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ሠርግ ሲሄዱ የሽማግሌ መቀመጫ ይሰጧቸዋል፤ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ደግሞ ይመርቃል እንጂ አይጨፍርም። ትከሻቸው የሌላ ሰው የሆነ ያህል ከብዷቸው ኖሯል። በል አጨብጭብልኝ አሉ። አጨበጨብኩ። ሰውየው ወረዱ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲያ ያለ እስክስታ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ትከሻቸው ሲርገፈገፍ በቅሎዋ እንኳ መጠጣቷን ትታ ቀና አለች። እኔም ተቀላቀልኳቸው፤ ፊት ለፊት ሆነን አንገት ለአንገት ተሰባበቅን።

መሪጌታ እርጥብ ጋቢ ታቅፈው ከቁጥቋጦው ብቅ አሉ። እግራቸው ተተከለ።

"አያ ዋሴ?" አሉ።

"እንዴት ዋሉ የኔታ" አሉ ሰውየው፣ ትከሻቸውን ሳያቆሙ።

ውሃው ጉልበት እንደማይደርስ ነግሬያችኋለሁ። ቢሆንም ልሰጥም ሞከርኩ። ልባቸው በርበሬ ነው ያልኩት፣ ድርቅ ያሉ ሰውዬ ያልኩት፣ ያ ያልደገምኩላችሁም ሁሉ አንድ በአንድ በጆሮዬ ጮኸ። ሦስተኛውም ሄደ አልኩ በልቤ፤ እናናን በገዛ ምላሴ፣ እሱም በጾም ቀን፣ አጣኋት። አያ ዋሴ ግን ጭፈራቸውን እስኪበቃቸው ጨርሰው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ቁምጣቸው ትዝ ብሏቸው መልሰው ወረዱ። ሲጨርሱ ወደ መሪጌታ ዞረው፣ እኔ እናንተን አላየሁም፣ እናንተም እኔን አላያችሁም፣ የምንገናኘው እቤቴ ነው አሉና ሄዱ። ሲሄዱ ፊታቸው ላይ ሳቅም ቁጣም አላየሁም። ወደኔም አልዞሩም።

እርጥቡን ልብስ ለብሰን ሮጥን። ደጃቸው ስንደርስ ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋለች፤ ቀትር ካለፈ ቆይቷል። እኔ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ተደበቅሁ። ሦስቱ እንደ ደንቡ ደጅ ቆሙ። አያ ዋሴ አዲስ ጋቢ ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው ወጡ። ስለ መዘግየት አንድም ቃል አላነሱም፤ እንዴት ያንሱ፣ እሳቸውም ገና ማለክለካቸውን አልጨረሱም። ተቀመጡ አሏቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ መሪጌታም እንደ ደንቡ አንቀመጥም አሉ። በበርበሬው ምክንያት ቢፈልጉም መቀመጥ እንደማይችሉ እኔ አውቃለሁ፣ አያ ዋሴም ያውቃሉ።

ከየት መጣችሁ፣ የማን ወገን ናችሁ ብለው፣ በሕይወታቸው አይተዋቸው እንደማያውቁ ሁሉ ጠየቁ። ሰባት ቤት ዘር ተቆጠረ። ጋሽ አለኸኝ አራተኛው ላይ እያከኩ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ቀጥሎ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው ሲሉ፣ መሪጌታ ጭምት ነው፣ የደበቀው ነገር የለም ብለው መለሱ። ደምስ ሳል ያዘው። አያ ዋሴ ጭራቸውን አንድ ጊዜ ወዝወዝ አድርገው ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩ። እናና ከጓዳው በር ሥር ሆና ሁለት እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ከበርበሬው የባሰ ነበር።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ አያ ዋሴ።

ሽማግሌዎቹ ሊስሟቸው ሲጎነበሱ እጃቸውን አንስተው አቆሟቸው።

"ጥሎሽ አልሻም። አንድ ነገር ግን አለኝ። በየዓመቱ በርበሬዬ ተጭኖ ሲያልቅ እወንዙ እወርዳለሁ። አማቼ ይምጣ፤ አንቱም ኑ የኔታ፤ በርበሬ ያቃጠለው፣ ትከሻው የከበደው ወንድ ካለ እሱንም ይዛችሁት ኑ። ቤቱን ብቻዬን እችለዋለሁ። ጭፈራውን ብቻዬን አልችለውም።"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊቅ ናቸውና ቃሉ ሙሉ እንዲሆን ፈለጉ። "ምን ለብሶ ይምጣ ይላሉ?"

አያ ዋሴ ቀና ብለው እኔ ወዳለሁበት አጥር ተመለከቱ።

"እንዳየሁት ይምጣ።"

እናና ከጓዳው ወጣችና ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ እኔንም በአጥሩ ቀዳዳ። "አባዬ፣ የት አይተውት ነው?" አለች። አምስት ወንዶች ነበርን፤ የመለሰላት የለም።